ባቡር ባቡርን አይሸኝም

ጨዋ ሰው ለኮምፒውተር አይመችም። አዎ፣ ብያለሁ! ባለጌ ሰው፣ ተሳዳቢ ሰው፣ ሰልፍ ጥሶ የሚገባ ሰው... ይኸን ሁሉ ማሽን ይችለዋል። ይቆጥረዋል፣ ይመዘግበዋል፣ ይዘጋበታል። ማሽንን የሚያሳብደው እንግዳን ከደጃፍ ማሰናበት ነውር የሚመስለው ሰው ነው። አሁን "ይቺ ቲማቲም ነጋዴ ዛሬ ደግሞ ምን ነካት?" ሳትሉ አትቀሩም። ታገሡኝ፤ የነካኝን ልነግራችሁ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ይበልጣል ባቡር ላይ ነው የሚሠራው። ልብ በሉ፤ ፍኖተ ሰላም ሐዲድ የለም። ቡሬም የለም። እኛ አገር ባቡርን የምናውቀው በቴሌቪዥንና በይበልጣል ነው፤ ከሁለቱ ደግሞ ቴሌቪዥኑ አንዳንዴ ይጠፋል። እናታችን ለጎረቤት ሁሉ "ልጄ የባቡር ሹፌር ነው" ብላ ስላወራች፣ ለእረፍት በመጣ ቁጥር ያየው ሁሉ እጁን ይጨብጥና "እንዴት ነው መሪው? ከበደህ ወይ?" ይለዋል።

"ኸረ ሹፌር አይደለሁም!" ይላል ይበልጣል። "መቆጣጠሪያ ክፍል ነው የምሠራ። ሹፌሩ መቼ እንደሚሄድ፣ መቼ እንደሚቆም የምነግረው እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ረዳት ነኝ አትልም!" አሉት አንድ ቀን አያ ስማቸው።

አያ ስማቸውን ሳላስተዋውቃችሁ ወሬዬ አይገፋም። ከማንኩሳ ወጥቶ ወደ ቲማቲም ማሳዎቹ በሚወርደው የጠጠር መንገድ ላይ አንዲት ድልድይ አለች። ጠባብ ናት። መኪና ከገባባት አህያ ይጠብቃል፤ አህያ ከገባባት መኪና ይጠብቃል። ይባስ ብሎ መንገዱ በሁለቱም በኩል ታጥፎ ነው የሚደርስባት፤ አፏ ላይ እስክትቆሙ ድረስ ማን እንደሚመጣ አታዩም። አያ ስማቸው እንግዲህ በማሳዎቹ በኩል ካለችው ዋንዛ ሥር ተቀምጠው ከዘራቸውን ሲያነሡ መኪና ይቆማል፤ ሲያወርዱ ይሄዳል። ማን ሾማቸው? ማንም። ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ የእሳቸውን ከዘራ ንቆ ያለፈ ሹፌር አላየሁም።

ችግሩ አያ ስማቸው ሰው ናቸው። ቅዳሴ አለባቸው፣ ሽምግልና አለባቸው፣ ምሳ አለባቸው። በቀደም ለቅሶ ሄደው ሳለ ቲማቲሜን የጫነው ፒክአፕና አንድ ጭድ የጫነ መኪና ድልድዩ መሃል ላይ አፍንጫ ለአፍንጫ ገጠሙ። ከዚያስ? ከዚያማ ጎጃም አይደል! ወደ ኋላ የሚል ማን ነው? ሽማግሌ ተጠርቶ፣ የአባት ስም ተጠይቆ፣ ሁለቱ ሹፌሮች በሦስት ቤት እንደሚዛመዱ ተደርሶበት፣ ተቃቅፈው ተሳስመው... እስኪለያዩ ድረስ ፀሐዩ የታችኛውን ረድፍ ሳጥን ስጎ አደረገው። በምድጃ ያልተሠራ ስጎ!

አስፋልቱ ላይ የሚጠብቀኝ የአይሱዙ ሹፌር ሳጥኖቹን ገለጥ ገለጥ አድርጎ አየና፣ "እትዬ ጥሩ" አለኝ፣ "ለሚመጣው ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ እዚህ ካልደረስሽ እሄዳለሁ። ዳግመኛም አልመጣም። ሌላ ነጋዴ ሞልቷል።"

ልክ ነው፤ ሞልቷል። እኔ ግን እንደ እሱ ያለ ሹፌር የለኝም። እሱ ከሄደ የዚህ በጋ ቲማቲሜ በሙሉ ለጎረቤት ላሞች ነው።

ይኸን ለይበልጣል ስነግረው ያጽናናኛል ስል ዓይኑ በራ። "እትዬ! ይኸ እኮ ነጠላ መስመር ነው!"

"ድልድይ ነው፣ ይበልጤ።"

"ነጠላ መስመር ነው እልሻለሁ! ባቡርም እንዲሁ ነው የሚቸገር።" ተነሥቶ ወደ ድልድዩ ወሰደኝ። ዋንዛዋ ሥር ቆሞ ለእኔም ለአያ ስማቸውም ማስተማር ጀመረ። "ድሮ፣ ሁለት ባቡር በአንድ ሐዲድ እንዳይጋጭ፣ ለሹፌሩ በትር ይሰጠው ነበር። በትሯ አንዲት ናት። በትሯን የያዘ ይገባል፤ ያልያዘ ይቆማል። ማዶ ሲደርስ ያስረክባል።"

አያ ስማቸው ከዘራቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። "እና ምን ጎደለው?"

"ዘመኑ አለፈበታ፣ አያ! አሁን ሁሉ ነገር ዲጂታል ሆኗል። ሐዲዱ ላይ መቁጠሪያ አለ። የገባውን ጎማ ይቆጥራል፣ የወጣውን ይቆጥራል። የገባና የወጣ እኩል ከሆነ መስመሩ ባዶ ነው፤ አረንጓዴ ይበራል። ካልሆነ ቀይ። እኔ ከሩቅ በስክሪን አያለሁ። ሰው እጁን አያስገባበትም።"

"ሰው እጁን ካላስገባ፣ ሲበላሽ ማን ይጠየቃል?"

"አይበላሽም!"

"እህ..." አሉ አያ ስማቸው፣ "እሱስ ጥሩ ሥራ ነው።"

ወንድሜ ያን ሰሞን ሽቦ ሲጎትት ሰነበተ። በድልድዩ ሁለት አፍ ቀይና አረንጓዴ መብራት ሰቀለ። በእያንዳንዱ አፍ ግንድ ላይ "ዓይን" የሚላትን አንዲት ትንሽ ሴንሰር ተከለ፤ ሰው ይሁን አህያ፣ መኪና ይሁን ጋሪ፣ በፊቷ ያለፈውን ሁሉ ትቆጥራለች። የማሽኑን አንጎል በብስኩት ቆርቆሮ አድርጎ በማንኩሳ በኩል ካለው ግንድ ላይ አሠረው፤ ከላዩ ሶላር። ስልኩ ላይም ቁጥሩን ያያል። አብረው የሚጓዙ ሰዎች አረንጓዴ ሲበራ አብረው ይገባሉ፤ "አንድ ጉዞ አንድ ባቡር ነው፤ ሰዎቹ ፉርጎዎች ናቸው" አለን። ፉርጎ ተብለን ተደሰትን።

የቀረው ሕዝቡ ቀይ መብራት ማክበሩ ነበር። ከቀበሌ የመጣው ሰው ቅጣት ይጣል አለ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ቅጣት እኛ ዘንድ ክርክር መክፈቻ ነው። ታዲያ ምን አደረጉ መሰላችሁ? አባ ሞገስን አስጠሩ። አባ በሐሙሱ ምረቃ ላይ መስቀላቸውን አነሡና፣ "ቀይ እየበራ የገባ፣ ግዝት አለበት!" አሉ።

አለቀ። ይበልጣል ዓይኑን ማመን አቃተው። አርብ ዕለት አንድ በጠላ የደከመ ሰውዬ ከቀዩ መብራት ፊት ባርኔጣውን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ አረንጓዴ እስኪበራ ሲጠብቅ አየነው። "እኛ መሥሪያ ቤት እንኳ እንዲህ ያለ ታዛዥ ሹፌር የለም!" አለ ወንድሜ በስልኩ ፎቶ እያነሣ። አርብ ሥርዓቱ እንደ ሰዓት ሠራ። አርብ ግን ጾም ነው፤ እንግዳ የሚጠራ የለም። ይኸን ያሰበ አልነበረም።

ቅዳሜ መጣ።

ቅዳሜ ጠዋት በማሳዎቹ በኩል ማኅበር ነበረን። አባ ሞገስ ከማንኩሳ በኩል አምስት ሰዎች አስከትለው መጥተው ባርከው፣ ቀምሰው፣ አራት ሰዓት ላይ ተነሡ። ሸኘናቸው። መቼስ አንሸኝም አትሉኝም! ከዚያ ቲማቲሜን ፒክአፑ ላይ አስጫንሁና ገና አምስት ሰዓት ሳይሞላ፣ እንደ ሙሽራ ኮርቼ ከሹፌሬ ጎን ተቀምጬ ድልድዩ አፍ ደረስሁ።

ቀይ።

ጠበቅን። ከማዶ ማንም አልመጣም። ድልድዩ ላይ ማንም የለም።

"ሂድ እንጂ" አልሁት ሹፌሬን።

"ቀይ ነው።"

"ባዶ ነው እኮ!"

"እትዬ፣" አለኝ መሪውን ለቆ፣ "የእርስዎ ቲማቲም ነው፤ ነፍሱ ግን የእኔ ናት።"

ስልኬ ጮኸ። አይሱዙው ነው። "የት ደረስሽ?"

"ድልድዩ ጋ!"

"ድልድዩ ጋ ባለፈውም ብለሽኝ ነበር።" ዘጋው።

ይበልጣልን አስጠራሁት። እየሮጠ መጣ፤ ስልኩን አየ፤ አበሰው፤ እንደገና አየ። "እትዬ... ድልድዩ ላይ አርባ አካል አለ ይላል።"

አየን። ድልድዩ መሃል አንዲት ዋኔ ርግብ ትንጎራደዳለች።

"አርባ?"

"አርባ።"

"ሠላሳ ዘጠኙ ውኃ ሊጠጡ ወርደው ይሆናላ" አሉ አያ ስማቸው ከዋንዛዋ ሥር።

ወንድሜን ላብ አጠመቀው። ከኋላችን ጋሪዎች ተሰለፉ፤ ከጋሪዎቹ ኋላ አህዮች። እሱ ወደ ሰዉ ዞሮ፣ "ዛሬ ድልድዩ ውስጥ ገብቶ፣ ማዶ ሳይወጣ መሃል ላይ የተመለሰ ሰው አለ ወይ?" ብሎ ጠየቀ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ጥያቄው ራሱ ነውር መሰላቸው።

"ሸኚ ነዋ!" አለች አንዷ።

"የቱ ሸኚ?"

"አባን የሸኘነው! ሃያ ሆነን ነው የሸኘናቸው። እስከ ድልድዩ መሃል። ታዲያ አባን ከደጃፍ 'ደህና ይሁኑ' ብለን በሩን ልንዘጋባቸው ኖሯል?"

ይበልጣል ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አባና አምስቱ እንግዶች ገብተው ማዶ ወጡ፤ የእነሱ ሒሳብ ተዘጋ። እኛ ሃያዎቹ ስንገባ ማሽኑ ሃያ አለ። መሃል ደርሰን ስንመለስ፣ ያችው ዓይን መመለሳችንን አታውቅም፤ መውጣትን የምትቆጥር የማዶዋ ናት፤ ሌላ ሃያ ሰው የገባ መሰላት። ሃያ ሸኚ፣ አርባ አካል!

"ባቡር እኮ መሃል መንገድ ላይ አይመለስም!" ጮኸ ወንድሜ። "ባቡር ባቡርን አይሸኝም!"

አያ ስማቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ወይ አለማደግ!" አሉ ባቡሩን።

"እኛ ዘንድ" አለ ይበልጣል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሁለት ሁለት ዓይን ነው ጎን ለጎን የሚተከል። የቱ ቀድሞ እንዳየ ታይቶ መሄዱና መመለሱ ይለያል። ለድልድይ አንዷ ትበቃለች ብዬ..."

"ቆይ ቆይ" አልሁት። "አንተስ ማኅበሩ ላይ አልነበርህም?"

"...ነበርሁ።"

"አባን አልሸኘህም?"

"...ሸኝቻለሁ።"

"እስከ የት?"

መሬት መሬት አየ። "እስከ መሃል።"

ልስቅ ነበር፤ ስልኬ ጮኸ። "እትዬ ጥሩ፣ አምስት ተኩል ሆነ።" ሳቄ እዚያው ቀረ።

"ዜሮ ማድረጊያ ቁልፍ አለው" አለ ይበልጣል።

"ተጫነዋ!"

"ማዶ ነው። ቆርቆሮው ውስጥ።"

"በስልክህ!"

"ስልኬ ያያል እንጂ አይነካም። ለጥንቃቄ ነው።"

እንግዲህ ፍረዱ! ቁልፉ ማዶ፤ እኛ ወዲህ፤ በመሃል ቀይ መብራትና ግዝት። ግዝቱን የሚፈቱት አባ ሞገስ ደግሞ የት ናቸው? ማዶ! በክብር ሸኝተናቸዋል። ደወልሁላቸው።

"አባ፣ እንደምን ዋሉ? አባ፣ ግዝቱን ይፍቱልኝ፤ ቲማቲሜ ፀሐይ ላይ ነው።"

"በስልክ?" አሉኝ። "ልጄ፣ በስልክ ቲማቲም ይሸጣል እንጂ ግዝት አይፈታም። ቆዩኝ፣ መጣሁ።"

ሽማግሌው ያንን ሁሉ መንገድ በእግራቸው ተመልሰው ከማዶ ብቅ አሉ፤ ቀዩን መብራት አዩና ቀጥ ብለው ቆሙ።

"ይለፉ እንጂ፣ አባ!" ብሎ ጮኸ ሹፌሬ።

"እኔ ያሰርሁትን እኔው ልርገጠው?"

ይበልጣል እጁን አፉ ላይ አድርጎ ይጣራ ጀመር። "አባ! ቆርቆሮዋን ይክፈቷት! ጥቁር ቁልፍ አለች! ጥሩምባ እስክትነፋ ድረስ ይጫኗት!"

አባ ቆርቆሮዋን ከፈቱ። ከመጫናቸው በፊት ግን ዞር ብለው ድልድዩን ከዳር እስከ ዳር አዩና፣ "ባዶ መሆኑን አንተም አይተሃል?" አሉት።

ወንድሜ በደስታ ክንዴን ያዘኝ። "እትዬ፣ ደንቡ እኮ ይኸ ነው! መስመሩ ባዶ መሆኑን ሰው በዓይኑ ሳያረጋግጥ ዜሮ አይደረግም! ማን አስተማራቸው?"

አባ አማተቡ፤ ተጫኑ። ጢ...ጥ! አረንጓዴ!

እልልታው ቀለጠ። ሹፌሬ ሞተሩን አስነሣ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የእኔ ጉድ። አስቡት፤ አባ በዚያ ፀሐይ ስለ እኔ ቲማቲም ተመልሰው መጥተው ማዶ ቆመዋል። እኔ በመኪና ሆኜ አቧራ እያለበስኋቸው ልለፍ? እግሬ ራሱ ነው የወሰደኝ። ከመኪናው ዘልዬ ወረድሁና መስቀል ልሳለም ወደ ድልድዩ ሮጥሁ። መሃል ስደርስ አባ ከማዶ በመስቀላቸው ባረኩኝና፣ "ይበቃል ልጄ፣ ከዚያው ተመለሽ! ሰዓትሽ!" አሉኝ። የአባ ቃል ነው፤ ተመለስሁ።

ቀይ።

"እትዬ..." አለ ይበልጣል ስልኩ ላይ ዓይኑን ተክሎ። "ድልድዩ ላይ ሁለት አካል አለ።"

"እኔና ማን?"

"አንቺና አንቺ።"

"አባ! ይድገሙት!" ብዬ ጮኽሁ። ወንድሜ ራሱን ነቀነቀ። አንዴ ዜሮ ከተደረገ በኋላ ቁልፏ ለአንድ ሰዓት አትታዘዝም። ለምን? ለጥንቃቄ! ይኸ ልጅ ከእናታችን ማሕፀን ሳይሆን ከጥንቃቄ የተወለደ መሰለኝ። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ነው። የላይኛው ረድፍ ቲማቲም ሲላላ በዓይኔ ይታየኝ ጀመር። አልዋሻችሁም፤ ጠጠሩ ላይ ቁጭ አልሁ።

አያ ስማቸው የተነሡት ያኔ ነው። ልብሳቸውን አራገፉ፤ ከዘራቸውን ይዘው እስከ ድልድዩ አፍ መጡ፤ አንዲት እርምጃ እንኳ ሳያልፉ ቆሙና ወደ ማዶ ተጣሩ።

"አባ! አንድ ልጠይቅዎ!"

"ይጠይቁ፣ አያ ስማቸው!"

"ግዝቱ እንዲያው ስለ መብራቱ ነው፣ ወይስ ሰው እንዳይጋጭ ብለው ነው?"

አባ ጺማቸውን ዳበሱ። "ሰው እንዳይጋጭ ነው።"

"እንግዲያው ይቺ ከዘራ አንዲት ናት። የያዛት ሰው ከማን ጋር ይጋጫል?"

ከዚያ የአባ ሳቅ ድልድዩን ተሻግሮ መጣ። መስቀላቸውን ከፍ አድርገው፣ "ከዘራዋን የያዘ ይለፍ! ግዝቱ ለእሱ የለበትም፤ እግዚአብሔር ይፍታው!" አሉ።

አያ ስማቸው ከዘራቸውን በመስኮቱ ለሹፌሬ አቀበሉት። "ማዶ ስትደርስ ለአባ አስረክብ። እንዳትጥልብኝ፣ የወይራ ናት።"

ይበልጣል ከዘራዋን በጣቱ ጠቆመ። "ይኸ እኮ... ማሽኑ ሲታወክ የምንሠራበት ደንብ ነው። ማሽን ሲታወክ ወደ ሰውና ወደ ወረቀት ነው የምንመለስ..."

"ታዲያ አንድ ሰዓት ሙሉ ምን ትላለህ?"

"ዘመኑ አልፎበታል ብዬ ተናግሬ ነበር፣ እትዬ" አለኝ ቀስ ብሎ። "አፈርሁ።"

አለፍን። ከዘራዋን ለአባ አስረከብን። አሁንስ መስኮት ከፍቼ፣ ሳልወርድ፣ በሩጫ ተሳልሜ በረርን። ማንኩሳ አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ግን ሰዓቱ ስድስት ካለፈ ቆይቷል። ዓይኔን ጨፈንሁ። ባዶ አስፋልት ላለማየት ነው።

"እትዬ፣ ይመልከቱ" አለኝ ሹፌሬ።

አይሱዙው ቆሟል! ሹፌሩ አንድ እግሩን መርገጫው ላይ አድርጎ፣ አንድ እጁ የበሩን እጀታ ይዞ፣ ፊቱ በርበሬ መስሎ ቆሟል። ዙሪያውን የሻይ ቤቷ ባለቤት፣ የጎሚስታው ልጆች፣ ስማቸውን የማላውቃቸው ሁለት ሽማግሌዎች... ከበውታል። ሴትዮዋ እጅጌውን ይዛለች።

"ስድስት ሰዓት ላይ እሄዳለሁ አላልህም?" አልሁት፤ ደስታዬን መደበቅ አልቻልሁም።

"ስድስት ሰዓት ላይ ተነሥቼ ነበር!" ብሎ ጮኸ። "ሦስቴ ወጣሁ፣ ሦስቴ አወረዱኝ! እየሸኙኝ ነው፣ እትዬ! እየሸኙኝ ነው!"

አንድ ሳጥን ስጎ ሆኖ ነበር። ለሻይ ቤቷ ባለቤት ሰጠኋት፤ ከዚያ በኋላ እንደ እሷ ያለ ወዳጅ የለኝም።

ይበልጣል ከእረፍቱ የቀረችውን ሳምንት ሁለተኛዎቹን ዓይኖች ሲተክል ሰነበተ። ቆርቆሮዋ ጎን ደግሞ አንድ ምስማር መታ፤ ማሽኑ ግራ ለሚጋባበት ቀን የአያ ስማቸው ከዘራ መስቀያ ነው። አያ ስማቸው ምስማሩን አዩት፤ ከዘራዋን ግን እስካሁን አልሰቀሏትም። እሳቸው ያሉበት ዕለት ምስማር ምን ያደርጋል?

ወንድሜ ወደ ሥራው የተመለሰ ዕለት ሃያ ሆነን ሸኘነው። አረንጓዴ በራ፤ ገባን፤ መሃል ላይ ተሳስመን ተመለስን፤ እሱ ማዶ ወጣ። ከማዶ ቆሞ ስልኩን ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሆዴ ባባ።

"አይዞህ፣ ይበልጤ!" ብዬ ጮኽሁለት። "ዓመት ሳይሞላ ትመጣለህ!"

"አይ እትዬ፣ ለእሱ አይደለም" አለኝ ከማዶ እንባውን እየጠረገ። "ቁጥሩ ዜሮ ሆነ!"